በቅሎ ተራ የሸጥሁት የኮከብ መከተያ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሞባይል ደባርቅ ከገባ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ገና አልያዝሁም ነበር። ባለቤቴ በረዶ ገብሳችንን የመታው ዓመት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ተከራክረንበታል፤ አንድ ቀን ልጃችን «ሁለታችሁም ብትሳሳቱስ?» ስትለን ተውነው። ክረምት መሆኑን ግን አልስተውም። ያን ክረምት የሠራሁትን ሥራ ያለ ጭጋግ ልሠራው አልችልም ነበር።

እኔ በቅሎ ጫኝ ነኝ። ከደባርቅ ተነሥቼ በቡይት ራስ በኩል ወደ ተራራው የሚወጡትን እንግዶች ድንኳንና ስንቅ እጭናለሁ። ሥራው በተራ ነው። በቅሎ ያለን ሰዎች ማኅበር አለን፤ እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰ ይጭናል። ሕጋችን አጭር ናት። መስቀል ሊደርስ ሲል እያንዳንዱ ሰው በቅሎውን ጭኖ በተራ አስከባሪው ፊት ያሳልፋል። ያላሳለፈ ስሙ ይሠረዛል፤ ልመለስ ቢል ለመግባት ከሚጠብቁት ጎረምሶች ሁሉ ኋላ ይሰለፋል። በእኔ ዕድሜ ከኋላ መሰለፍ ማለት ቤት መቀመጥ ማለት ነው። ቤት ስቀመጥ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን ባለቤቴ ታውቃለች፤ ከኔ ይልቅ እሷ ነበረች ስለ ተራው የምትጨነቅ።

ዝናቡ ሳይጀምር አንድ ፈረንጅ መጣ፤ ተራው የኔ ሆነ። ሰውየው እንደ ሌሎቹ ዋልያ ላሳዩኝ አይልም። ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ተነሥቶ ኮከብ ፎቶ ያነሣል። ሦስት ሳጥን ነበረው፤ ሳጥኖቹ ሲጫኑ አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ያምጣል። እኔም ነገሩ ከብዶኝ፣ አብሮን የመጣውን አስጎብኚ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ፋዘር፣ ይሄ ትልቁ ቴሌስኮፕ ፎቶ የሚያነሣው ነው» አለኝ። «በጀርባው የታዘለችውን ትንሽ ቱቦ አዩዋት? እሷ የኮከብ መከተያ ናት። ኮከብ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይሄዳል። ትልቁን ሞተር ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን ትንሽ ያነክሳል። ትንሿ አንድ ኮከብ መርጣ ዓይኗን ትተክልበታለች። ኮከቡ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ሲልባት በዚህ ገመድ ለሞተሩ ትነግረዋለች።»

«ትልቁ ሲሠራ ትንሿ ልጓም ትይዛለች ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

ገባኝ። እንቁላል ጭኜ ጠባብ መንገድ ላይ ስሄድ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ልጓሙን ይዤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እላለሁ። ያን ጊዜ ስለ ዕቃው ከዚህ የበለጠ ያወቅሁት ነገር የለም። በኋላ ሳስበው በዚህች ዕውቀቴ ላይ መቆም ነበረብኝ።

ስንመለስ በቅሎዬን ቁርጠት ያዛት። መሬት ለመሬት ተንከባለለች፤ እያስነሣሁ አዞርኋት፤ ጠዋት ሞተች። ፈረንጁ አጠገቤ ተቀመጠ። ደባርቅ ስንደርስ የድካሜን ከፈለኝና ከሳጥኑ አንድ ጥቁር ከረጢት አወጣ። በውስጡ የድሮው የኮከብ መከተያው ነበረች። ክንድ የማታህል ነጭ ቱቦ፣ በጫፏ የምትሰካ አውራ ጣት የምታህል ካሜራ፣ አንድ የተጠቀለለ ገመድ። አስጎብኚው ተረጎመልኝ። «እኔ አዲስ ገዝቻለሁ። ይህ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። በእኛ አገር ያገለገለውን ሰው ከሰው እየተቀባበለ ይገዛዋል። ሽጠህ በቅሎ ግዛበት።»

አገሩ የት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከመደሰቴ ብዛት አልጠየቅሁም። ወደ ቤቴ ስገባ በቅሎ የሞተችበት ሰው አልመስልም ነበር። ባለቤቴ ከረጢቱን ከፍታ ቱቦዋን አገላበጠቻትና፣

«ስንት ትጭናለች?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድሁት ፎቶ ቤት ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ካሜራዋን እያገላበጠ መጫኛ ቁልፍ ፈለገላት፤ የላትም። ሥዕሉ የሚታይበት መስተዋት ፈለገላት፤ የላትም። ስለ ሞተሩና ስለ ትልቁ ቴሌስኮፕ ነገርሁት፤ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

«ትልቁ የት አለ?» አለኝ።

«ፈረንጁ ይዞት ሄደ።»

«ሞተሩስ?»

«እሱንም።»

«ኮምፒውተሩስ?»

ኮምፒውተር እንደሚያስፈልገው ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ስወጣ የተሰጠኝን ነገር በደንብ አወቅሁት። በቅሎ የሌለው ልጓም ይዤ ነበር በበቅሎ ዋጋ ልሸጠው የምዞረው። ባለ ፎቶ ቤቱም ደግ ሰው ነው፣ «ከመስቀል በኋላ እንግዳ ሲመጣ ለነሱ ያሳዩአቸው» ብሎ መከረኝ። መስቀል ሲያልፍ የኔም ስም አብሮ ያልፋል ብዬ እንዴት ላስረዳው።

ከዚያ ዳባት ሄድሁ። አንድ የሳይንስ አስተማሪ አለ ብለውኝ ነው። አስተማሪው ዕቃውን ሲያየው እንደ ልጅ ደስ አለው። ወንበር ሰጠኝ፤ ብርቱካን አምጥቶ መሬት እንዴት እንደምትዞር፣ ኮከቡ የሚሄድ እየመሰለን እኛ እንደምንሄድ ግማሽ ቀን አስተማረኝ። እኔም አዎ አዎ ስለው ጎበዝ ተማሪ መሰልሁት። በመጨረሻው ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ በስጦታ እንድሰጥ ለመነኝ። የለም ለማለት አፍሬ፣ ባለቤቴን ላማክራት ብዬ ወጣሁ። በአውቶቡስ ስመለስ የበላሁት ብርቱካንና መሬት መዞሯ ብቻ ነበር ትርፌ።

አሁን ማፈሪያዬን ልናገር። አንድ ቀን ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ በጓሮ በኩል ሄጄ ካሜራዋን ነቀልሁና በቱቦዋ ተመለከትሁ። ዓይኔን ሳስጠጋት ምንም የለም፤ ጉም ብቻ። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፊቴ ራቅ ሳደርጋት ግን በቱቦዋ አፍ ላይ ትንሽዬ ሥዕል ታየችኝ። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተተክሏል። ቱቦዋን አዞርኋት፤ ባሕር ዛፉ እንደተዘቀዘቀ ነው። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ታጠብሁ። ያን ጊዜ ባለቤቴ እንስራ ይዛ ወጣች፤ ወደሷ አነጣጠርሁ። በሰማይ ላይ በጭንቅላቷ ትሄዳለች፤ ውኃውም አይፈስስም።

ቱቦዋን ወደ ከረጢቷ መለስሁ። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። በሰማይ ስትሄድ አየሁሽ ማለት ለብዙ ነገር በር ይከፍታል።

በእኛ ዘንድ ከብት ሲሸጥ ወግ አለው። ሻጭ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ከብቱ ያልተሰረቀና ነውር የሌለበት ለመሆኑ በገዢው ፊት ይቆማል። ሻጩም የከብቱን ነውር በአፉ ይናገራል። ትራገጣለች ካለ ትራገጣለች፣ ከድልድይ ትፈራለች ካለ ትፈራለች፤ ገዢው ሰምቶ ከወሰደ አበቃ። ሳይናገር ደብቆ ከሆነ ግን ከብቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሻጭም ዋስም ይዋረዳሉ። እኔ በዚህ ወግ ስንት በቅሎ ገዝቼ ሸጫለሁ። አንድም ነውር ደብቄ አላውቅም። እንዲያውም አብዝቼ ስለምናገር ባለቤቴ «ያንተን በቅሎ ማን ይገዛል፣ ስሟን ሳትጠራ ነውሯን ትቆጥራለህ» ትለኝ ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ሌላ መላ ስላጣሁ ከረጢቷን ይዤ የማውቀው ገበያ ሄድሁ፤ በቅሎ ተራ። መጀመሪያ ግን ለዋስነት የሚስቴን ወንድም ለመንሁት። ከኔ ያነሰ ነው፣ ጋሼ ይለኛል፤ ቃሉ ገበያው ላይ ትከበራለች።

«ለምኑ ነው ዋስ የምሆነው?»

«ለዚች ቱቦ።»

«ጋሼ፣ ለቱቦ ዋስ ተጠርቶ ያውቃል?»

«ያልተሰረቀች መሆኗን ትመሰክርልኛለህ።»

«እሱስ እሺ። ነውሯስ?»

«ቱቦ ምን ነውር አላት።»

ይህን ስል መሬት መሬት ነበር የማየው። እሱ ግን የበረደኝ መስሎት ጋቢውን ደረበልኝ። ያን ጋቢ እስካሁን አልረሳሁትም።

የዚያን ቀን ገበያው በጭጋግ ተውጦ ነበር። ሰው በሦስት ክንድ ርቀት ከበቅሎ አይለይም። ሰዎች ከበውኝ ይሳለቁብኛል። አንዱ ቱቦዋን ተቀብሎ ጥርሷን ፈለገ። ሌላው «ቱቦዋ ከነልጇ ነው የምትሸጠው?» ይላል፣ ካሜራዋን ይዞ። እኔ አብሬ እስቃለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። በዚህ መሐል አንድ ከጃናሞራ የመጣ ሰው፣ በአንድ እጁ ቦራ በቅሎ እየሳበ ቆሞ አዳመጠኝና፣

«ሩቅ ታሳያለች?» አለኝ።

«የፈረንጁ ኮከብ ታይባት ነበር» አልሁት። ይህ እውነት ነው።

ሰውየው አሰበ። የገብስ ማሳው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ይጨርሱበታል። እሱ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሲጠብቅ መውጣታቸውን ሳያይ ይቀድሙታል። «ኮከብ ያየች ዝንጀሮ አይጠፋባትም» አለ።

እኔም በዚያች ሰዓት እንደሱ አሰብሁ። እምላለሁ፣ አመንሁት። ኮከብ ሩቅ ነው፣ ዝንጀሮ ቅርብ ነው፤ ሩቁን ያየ ቅርቡን እንዴት ያጣል። ስለ ባሕር ዛፉ ግን ዝም አልሁ።

«ልሞክራት» አለ።

«በዚህ ጭጋግ?»

ዙሪያውን አየ። «እውነትህን ነው» አለ።

እኔ በተራዬ በቅሎዋን ተቀመጥሁባት። ወጣት ናት፤ አረማመዷ ልብ ያርሳል። ጥርሷን አየሁ፣ ሰኮናዋን አነሣሁ፣ ጀርባዋን ዳበስሁ። «ለጭነት እንዴት ናት?» አልሁት። «ለጭነትማ እንደሷ የለም» አለኝ። ነውርስ? የለባትም። ቱቦዋስ? የለባትም። ሁለት ዋሶች በመሐላችን ቆሙ፤ እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ በቅሎዋ ለኔ፣ ቱቦዋ ለሱ ሆነች። ነውር ቢገኝ እስከ ሦስተኛው ገበያ ይመለሳል ተባባልን። ገንዘብ ሳይወጣ ዋስ ቆሞ ተለዋወጥን፤ ሰውም ሳቁን ትቶ መረቀን።

ከጭጋጉ ውስጥ በቅሎ ስቤ ስወጣ ያን ያህል ብልህ ሆኜ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሁለት ጆንያ ድንች ጫንኋት። መጫኛውን ሳጠብቅ ጆሮዋን ወደኋላ አለች፤ አሥር እርምጃ ሄደችና እንደ ደከማት ወይዘሮ ቀስ ብላ ተኛች። አስነሣኋት፤ ተኛች። ጭነቱን አቀለልሁ፤ ተኛች። ባዶዋን ስትሆን ከዱር አራዊት ትፈጥናለች፤ ሲጭኗት ትተኛለች። በቅሎ ጫኝ ይህን ነውር ሳይፈትን አይገዛም። እኔ ግን የኔን ነውር ለመደበቅ ስጣደፍ የሷን ሳልጠይቅ መጣሁ።

በወጉ ወደ ገበያ ወስጄ ነውር አለባት ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን እኔ አፌን ከከፈትሁ እሱም ይከፍታል። ስለዚህ እሷ በጭነቱ ላይ፣ እኔ በነውሬ ላይ ተኛን። ባለቤቴ በአጥር በኩል ቆማ «ምን ሆና ነው የምትተኛው?» ስትለኝ «እየለመደችኝ ነው» እላታለሁ።

አንደኛው ገበያ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ጠዋት ደጄ ላይ ሰው ቆመ። የጃናሞራው ሰው ነው፤ ከረጢቷን በነጠላ ጠቅልሎ ይዟል። ከኋላው አንዲት ቆብ ያጠለቁ መነኩሲት ዘንግ ተመርኩዘው ቆመዋል፤ እናቱ ናቸው። ከጃናሞራ ደባርቅ ድረስ በእግራቸው፣ መንገድ አድረው ነው የመጡት። የሚስቴ ወንድም ተጠራ። የሱ ዋስም አብሮት መጥቷል። ሁላችንም ደጃፍ ላይ ባለው ግንድና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ እማሆይን ባለቤቴ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠቻቸው።

«ዕቃህ ሰውን ይዘቀዝቃል» አለ ሰውየው።

የሚስቴ ወንድም ሳቀ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ዝንጀሮዎቹ በሰማይ ሲሄዱ ነው የማያቸው። ገብሴ ከላይ ተንጠልጥሎ። ላዞራት ብል ያው ነው።»

«ከዚያስ?»

ሰውየው ከረጢቷን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። እማሆይ ጨረሱለት። «ከዚያማ ጎንበስ አለና ጭንቅላቱን በእግሮቹ መሐል ከትቶ አየ። እንዲያ ሲሆን ይቃናል አለኝ። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ የልጆች አባት መቀመጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ገብስ ሲጠብቅ። ዝንጀሮዎቹም መጥተው አዩት መሰለኝ፣ ደህና አድርገው ነው የበሉት።»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አምሮኝ አንዱንም አላደረግሁ። የሚስቴ ወንድም ግን ሳቁ ቆሞ ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ አንተ ይህን አታውቅም አይደል?»

እዚህ ላይ አላውቅም ብል ማንም አይመሰክርብኝም ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሄዷል፤ ባሕር ዛፉ አይናገር። በቅሎዋ በጋጣዬ ናት፤ መስቀል በደጅ ነው። አፌን ከፍቼ አላውቅም ልል ስል ጋቢውን እንደደረበልኝ ትዝ አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁ። «በጓሮ አይቼዋለሁ። ደበቅኋችሁ።»

የሚስቴ ወንድም ቀይ ሰው ነው፣ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። «በኔ ቃል?» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

ተነሥቼ በቅሎዋን ከጋጣ አወጣሁና ልጓሟን ለሰውየው ዘረጋሁለት። ስሜ ሲሠረዝ እያየሁት ነው። ሰውየው ልጓሟን ለመያዝ አልቸኮለም። እማሆይ በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንተስ የምትናገረው የለህም?» አሉት ልጃቸውን።

«ምን እናገራለሁ?»

«ንገረው።»

ጎልማሳው ሰው የላስቲክ ጫማውን አየ። «ሲጭኗት ትተኛለች» አለ።

የሱ ዋስ ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ አለ። የሚስቴ ወንድም እኔን አየኝና፣ «ይህንንም ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ከማግሥቱ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«በምን አፌ ልናገር?»

መጀመሪያ የሳቁት እማሆይ ናቸው። ጥርስ የላቸውም፤ ሳቃቸው ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ከዚያ ሁለቱ ዋሶች ተያዩ። ለሁለት ቀጣፊ ዋስ መሆናቸው እኩል ስላዋረዳቸው መሰለኝ፣ እነሱም ቀለል አላቸው።

እማሆይ ወደኔ ዞሩ። «አንተ በቅሎ ጫኝ ነህ አሉኝ።»

«ነኝ፣ እማሆይ።»

«ስንት ዘመንህ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ይሆነኛል።»

«በየት በኩል ቆመህ ነው የምታጠብቃት?»

ጥያቄው ገረመኝ። ማንም ሰው የሚያጠብቀው ከግራ ጎኗ ቆሞ ነው። ከግራ አልኋቸው።

«እኔ ልጄን ስንት ቀን ነገርሁት፤ የሴት ወሬ ብሎ አልሰማኝም። ይህችን በቅሎ የገራት ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው። ባሌ ግራኝ ነበር። ሁልጊዜ በቀኟ ቆሞ ነው የሚጭናት። እሱ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ባልለመደችው ጎን መጥቶ ሆዷን ሲያጠብቅባት ምን ታድርግ፤ ትተኛለች።»

ሁለት ባለ በቅሎ ነን፣ ሁለት ዋስ ነን፤ አንዳችንም አላሰብነውም። እኔማ ያን ያህል ዘመን የበቅሎ ጆሮ አይቼ ሆዷን አውቃለሁ ስል የኖርሁ ነኝ።

ፍርዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ቱቦዋ ወደ ባለቤቷ ትመለስ፤ ተንኮለኛ ዕቃ እቤቴ አይገባም አሉ። በቅሎዋ ግን እኔ ዘንድ ትክረም። ከመስቀል በኋላ ቱቦዋን ነውሯን ተናግሬ ለፈረንጅ ልሽጥ፤ የተገኘውን ለልጃቸው ልስጥ፤ የጎደለውን ገብሱ ሲደርስ እህል ወደ ገበያ በማጓጓዝ ልሙላ። «ልጄ የቀጠፈው ካንተ አያንስም፤ ስለዚህ አይከራከርህም» አሉ። አልተከራከረም።

የቀረኝ አሥር ቀን ያህል ነበር። ከቀኝ መጫን ቀላል ይመስላችኋል። ሠላሳ ዓመት አንድ ዓይነት ቋጠሮ የለመደ እጅ በሌላ ጎን ሲቆም ሕፃን ይሆናል። ቋጠሮዬ ሁሉ ወደኋላ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ጭነቱ ተንሸራቶ በሆዷ ሥር ተንጠለጠለ። በቅሎዋ አልተኛችም፤ ዞር ብላ አየችኝ እንጂ። ባለቤቴ በግራ በኩል ቆማ ገመዱን ትወረውርልኛለች፤ ስሳሳት «አይ ጫኝ» ትላለች። ጎረቤት በአጥር ላይ ተደግፎ ይመለከተናል። አንዱ «አሮጌው ጫኝ እንደ አዲስ ተቀጠረ?» አለ። እኔ ቋጠሮ በአፌ ይዤ ነበር።

በበቅሎ ማሳለፊያው ቀን ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ በቀኟ ቆምሁ። ተራ አስከባሪው እኩያዬ ነው።

«ምነው፣ ጎኑ ጠፋህ?» አለኝ።

«ይህች የቀኝ ናት» አልሁት።

ሰው ሳቀ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጎረምሶች ለማየት ወደፊት ተጠጉ፤ ከመካከላቸው ስሜ ቢሠረዝ የሚገባ አለ። ሁለት ጆንያ ጫንሁ። መጫኛውን ሳጠብቅ ጆሮዋን አየሁ፤ ወደፊት ነው። ልጓሟን ያዝሁና ተራመድሁ። አሥር እርምጃ። ወደኋላ ላለመዞር አንገቴን አደነደንሁ። ሃያ። ዛፉ ድረስ ሄደን ተመለስን። ተራ አስከባሪው ስሜ ላይ ምልክት አደረገና «ቀጥል» አለ። የሚስቴ ወንድም በሰው መሐል ቆሞ ነበር። ከቃሉ ጉዳይ ወዲህ አላነጋገረኝም፤ ያን ዕለት መጥቶ በግራ በኩል የላላውን ጠፍር አጠበቀልኝ። ዛሬም እንደዚያው ነው፣ ሲታረቅ በቃል አይታረቅም።

ቱቦዋን የሸጥኋት ኅዳር ገደማ ነው፣ ወይም ታኅሣሥ። አንድ ባልና ሚስት ኮከብ ፎቶ ሊያነሡ መጡ፤ ያው አስጎብኚ አብሯቸው ነበር። ከረጢቷን ፈታሁና በወጉ ነውሯን ቆጠርሁ። ብቻዋን አትሠራም፤ ኮምፒውተር ትፈልጋለች፤ ሞተር ትፈልጋለች፤ በዓይን ሲያዩባት የለችም፤ ራቅ አድርገው ሲያዩባት ዓለምን ትዘቀዝቃለች፤ አንድ ጊዜ ተሸጣ ተመልሳለች። አስጎብኚው እየሳቀ ተረጎመ። ሴትዮዋ ስትሰማ ቆየችና አንድ ነገር አለች።

«ፋዘር፣ ‹ሁሉም ይዘቀዝቃሉ› ትላለች። ‹ኮከብ ቢዘቀዘቅ ማን ያውቃል› አለች።»

ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። በደስታ ገዟት፤ በሻንጣቸው ያለው መከተያ በመንገድ ተሰብሮባቸው ኖሯል። ፈረንጁ ሽጠህ በቅሎ ግዛበት ቢለኝም ዋጋዋ ለሙሉ በቅሎ አልበቃም፤ ለግማሽ በቅሎ ግን በቃ። ያገኘሁትን ለጃናሞራው ሰው አደረስሁ፤ ሌላውን ግማሽ በገብስ ጭነት ሞላሁ። እሱም ማሳውን የሚጠብቀው ቀና ብሎ ሆነ።

ያን ክረምት እንዴት ወጣኸው ሲሉኝ ሰዎች ፈረንጁን እንዳመሰግን ይጠብቃሉ። ፈረንጁ ደግ ሰው ነበር፤ አመሰግነዋለሁ። ባለቤቴንም፣ ወንድሟንም አልረሳም። ነገር ግን በተራዬ ያቆዩኝ፣ ከደጄ ላይ ሁለት ቀጣፊዎች አስቀምጠው ቅጥፈታችንን ያስተፉን፣ በየት በኩል መቆም እንዳለብኝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ የጃናሞራው ሰው እናት፣ እማሆይ።